ብድር በምድር

አማርኛችን ስለ እረፍት ያለው አስተያየት አንዳንዴ ያስፈራኛል። «እከሌ አረፈ» ሲሉን «የት ሄዶ ነው ያረፈው? ላንጋኖ ነው ሶደሬ?» ብለን አንጠይቅም። ነጠላችንን አዘቅዝቀን ወደ ለቅሶ ቤት እንነሳለን እንጂ። መሬትም ከዚህ አላመለጠም። ገበሬው ማሳውን አንድ ክረምት ሳያርሰው ቢያሳልፍ «መሬቱ ጦሙን አደረ» ይባላል። ጦሙን ያደረ ሰው ማለት ደግሞ እራቱን ያጣ ሰው ነው። እንግዲህ በቋንቋችን ሰው ሲያርፍ ሞተ፣ መሬት ሲያርፍ ተራበ ማለት ነው። በዚህ ቋንቋ አፉን የፈታ ሰው «ደክሞኛል፣ ልረፍ» ለማለት ቢያፍር ይፈረድበታል?

ሃያ ዓመት ያህል ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ይህን ነገር ልብ ብዬው አላውቅም። ልብ ያልኩት ለዘመድ ለቅሶ ድሬዳዋ ወርጄ፣ በሦስተኛው ቀን እግሬን ላፍታታ ብዬ ሐርላ የወጣሁ ዕለት ነው።

ሐርላ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ከከተማው አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለች የገበሬዎች መንደር ናት። መንደሯ የተቀመጠችው ግን በሌላ ከተማ ላይ ነው። የአገሬው ሰው መሬቱን በቆፈረ ቁጥር የሸክላ ስባሪ፣ ዶቃ፣ የሩቅ አገር ሳንቲም ሲያወጣ ኖሯል። ትልልቅ የግንብ ድንጋዮችም አሉ። ድንጋዮቹን ያየ ሁሉ «ይህን ሰው አላነሳውም» ስለሚል፣ ሐርላዎች ግዙፋን ነበሩ የሚለው ወሬ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ቆየ።

በእንግሊዝ አገር የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የሚመሩት ቡድን ከኢትዮጵያ የቅርስ ባለሥልጣን ጋር ሆኖ ቦታውን ቆፈረ። ውጤቱ በሰኔ ወር 2009 ዓ.ም. ለዓለም ሲነገር ብዙ ሰው ተደነቀ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጊድ ተገኘ። ከብርጭቆና ከከበሩ ድንጋዮች ዶቃና ጌጣጌጥ የሚሠራበት ቦታም ተገኘ። ከማዳጋስካር፣ ከማልዲቭስ፣ ከየመንና ከቻይና የመጣ ዕቃ፣ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የግብጽ ሳንቲም ከዚያው አፈር ወጣ። ያች ዛሬ ማሽላና ጫት የሚበቅልባት ተረተር በአንድ ወቅት ከሕንድ ውቅያኖስ ወዲያና ወዲህ የምትነግድ ከተማ ነበረች። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ለቀቃት።

ከማሽላው ዳር ካለች ዛፍ ሥር ዓይናቸው ደም የመሰለ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው አገኘሁ። አዲስ አበባ ያስለመደኝን አንቱታ ይዤ «እንደምን አደሩ አባባ? ዓይንዎን አሞዎት ነው?» አልኳቸው። ሳቁብኝ።

«አቦ፣ አንተ በለኝ! ስንት ሰው ሆኜ ታየሁህ?»

የድሬ ሰው አንቱታ እንደማይመቸው የረሳሁት እኔው የድሬ ልጅ ነበርኩ። ዓይናቸውን አላመማቸውም። እንቅልፍ አጥተው ነው። ጫታቸውን ሌባ እንዳይለቅመው ሌሊቱን ማሳ ላይ ነው የሚያድሩት። «ታዲያ እንቅልፉን በምን ትችለዋለህ?» ብላቸው፣ በእጃቸው የያዙትን ቀንበጥ ከፍ አድርገው አሳዩኝ። ጫት ለመጠበቅ ጫት ይቅማሉ ማለት ነው። ሲነጋ ደግሞ ወደ ሥራ።

ከቀንበጡ ከፍለው «እንካ፣ ያዝ» አሉኝ። «ትቼዋለሁ» አልኩ። «ለምን?» አሉ፤ ከልባቸው ገርሟቸው። የሰጠኋቸው መልስ አጭርና ውሸት ነበር። «ሐኪም ከልክሎኝ» አልኩ። እውነተኛውን መልስ ለእናንተ ለአንባቢዎቼ ልናገር።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አስተምር ነበር። ቀን መደበኛ፣ ማታ ኤክስቴንሽን፣ ክረምት ሲመጣ ደግሞ የክረምት ተማሪዎች። ያኔ የመምህር ደሞዝ ከቤት ኪራይ ተርፎ አስቤዛ የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ የተገኘውን ክፍለ ጊዜ ሁሉ እንቀበላለን። ፈተና ሲደርስ የሚታረመው ወረቀት በሜትር ይለካል። ሦስት አራት ሆነን አንድ ቤት በርጫ እንቀመጣለን። ደሞዝ የወጣ ሰሞን የአወዳይ፣ ወሩ ሲገባደድ ያገኘነውን። ምርቃናው ሲመጣ ቀይ እስክሪብቶዬ ይሮጣል። ሌሊቱን አንድ መቶ ወረቀት አርሜ ስነሳ «ጫት እኮ ጉልበት ይሰጣል» እላለሁ። ተሳስቼ ነበር። ጫቱ ያበደረኝን ነው የሰጠኝ የመሰለኝ። ብድሩ ከነገው እኔ ላይ የተነሳ ነበር። ዱካኩም፣ ብስጭቱም፣ ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ሐራራም ወለዱ ነበር።

አንድ ጊዜ «በሕይወታችሁ የማትረሱትን ቀን ጻፉ» የሚል ጥያቄ አወጣሁ። ወረቀቱን እንደ ልማዴ በአንድ ሌሊት አርሜ መለስኩ። ከክፍል ስወጣ አንድ ልጅ ተከተለኝ።

«መምህር፣ አንብበውታል?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

«እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ሄደ። አንስቼ አየሁት። የጻፈው አባቱ ስለተቀበሩበት ቀን ነው። ከገጠር መልእክት ደርሶት፣ አውቶቡስ አምልጦት፣ በእግሩ ተጉዞ ሲደርስ ሕዝቡ ከቀብር ሲመለስ መንገድ ላይ እንዳገኘው ነው የጻፈው። ከግርጌው የእኔ የእጅ ጽሑፍ አለ፤ «የአንቀጽ አከፋፈልህን አስተካክል። 7/10።» ሰው መሳሳቱ አይገርምም። የሚያስፈራው ሌላ ነው። ያን ወረቀት እንደገና ሳነብ ምንም አልተሰማኝም። ሥነ ጽሑፍ የማስተምር ሰው፣ ተማሪዬ የአባቱን ቀብር አንብብልኝ ሲለኝ፣ ልቤ እንደ ደረቀ ጉድጓድ ባዶ ነበር።

ይህ ነገር ስም እንዳለው የተማርኩት ቆይቼ ነው። ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የሚባል ጀርመን አገር የተወለደ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበር። በኒውዮርክ ቀን በግል ሥራው፣ ማታ ደግሞ ችግረኞች በነፃ በሚታከሙበት ክሊኒክ ያገለግላል። አብረውት በሙሉ ልብ የጀመሩት በጎ ፈቃደኞች ከጊዜ በኋላ ሲደርቁ፣ ሲነጫነጩ፣ ሊረዱት የመጡትን ሰው ሲጠሉ አየ። ራሱም ላይ አየው። እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ጽሑፍ «በርን አውት» አለው፤ ነድዶ ማለቅ እንደ ማለት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በሽታ ሳይሆን ከሥራ የሚመጣ ክስተት ነው ብሎ ሦስት ምልክት ዘረዘረለት። አንደኛው የጉልበት መሟጠጥ፣ ሁለተኛው ከሥራው መራቅና ማንጓጠጥ፣ ሦስተኛው የሥራው ፍሬ መቀነስ ነው። እኔ በዚያች ሌሊት ሦስቱንም ነበርኩ።

አማርኛ ለዚህ ነገር ገና የተስማማበት ስም የለውም። «ደከመኝ» አይበቃውም፤ ድካምማ በእንቅልፍ ይለቃል። «ታከተኝ» ይቀርበዋል፣ «ዛልኩ»ም እንዲሁ። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚሻለው በልጅነቴ የማውቀው ኩራዝ ነው። ኩራዝ ጋዙን ሲጨርስ ወዲያው አይጠፋም። ለጥቂት ጊዜ ክሩን ይበላል። ብርሃኑ እንዲያውም ቦግ ይላል። ከሩቅ የሚያየው ሰው «ምነኛ በራ!» ይላል። ቤተሰቡ ግን በሽታው ያውቀዋል፤ ክር ሲቃጠል ይከረፋል። እኔ ያን ሰሞን ክሬን እየበላሁ ነበር። የሚያዩኝ ግን «ጎበዝ፣ ሦስት ፈረቃ ያስተምራል» ይሉ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ «የአንድ መምህር ድካም ከምድር ጤንነት ጋር ምን አገናኘው?» ይል ይሆናል። ነገሩ የሚገናኘው በዚያው በምቅመው ቅጠል ነው። ስለዚህ የቅጠሉን ታሪክ ትንሽ ልተርክ።

ጫት በምሥራቁ አገራችን የቆየ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፈው የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ላይ የኢፋቱ ሰብረዲን የንጉሡን ከተማ ይዤ ጫት እተክልባታለሁ ብሎ መዛቱ ሰፍሯል። ልብ በሉ፤ ይህ ሲባል ሐርላ ገና ከተማ ናት። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሐረር ሲገባም ሊቃውንቱ ጫት ሲቅሙ አይቷል። የዚያን ዘመን ጫት ግን ሥርዓት ነበረው። በአንድነት ይቀመጡበታል፣ ጸሎትና ትምህርት ያጅቡታል፣ በመጠን ነው። የሚነሳውም ለሌሊት ጸሎት እንጂ ለሌሊት ፈረቃ አልነበረም።

ሥርዓቱን የጠበቀው የሰው ጨዋነት ብቻ አይመስለኝም። ቅጠሉ ራሱ ገደብ ነበረው። ንቃት የሚሰጠው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ በሁለት ቀን ያህል ውስጥ ይዳከማል። ለዚህ ነው ጫት ግመል የማይጠብቀው። የቻይና ሸክላ በግመል ጀርባ ሐርላ መድረስ ይችላል፤ ሸክላ አይጠወልግም። ግመሉ ያርፋል፣ ነጋዴው ያርፋል፣ ገበያው ይጠብቃል። ጫት ግን ግመሉ የሚደርስበት ድረስ ብቻ ነው የሚደርሰው።

ይህን ገደብ የሰበረው ባቡሩ ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ደረሰ። ሐረር ተራራ ላይ ስለሆነች ባቡሩ ሊወጣት አልቻለም፤ ከግርጌዋ ቆመና ድሬዳዋን ወለደ። እኛ የድሬ ልጆች የፉርጎ ልጆች ነን። በኋላም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዳኮታ አውሮፕላኖች ጫት ጭነው ወደ ጅቡቲና ኤደን ይመላለሱ ጀመር። ቀጥሎ አይሱዙ መጣ፤ በፍጥነቱ የተነሳ ሕዝቡ «አልቃይዳ» ብሎ ስም ያወጣለት። ሹፌሩ ጫቱ ሳይጠወልግ ለመድረስ ይበራል፤ ሳይተኛ ለመብረር ይቅማል። ሞተሩ የሚጠጣው ነዳጅም ቢሆን ከብድር አይዘልም። ፀሐይ በሚሊዮን ዓመታት ከምድር ሥር ያጠራቀመችውን ጉልበት እኛ በአንድ ከሰዓት በኋላ እናጤሰዋለን፤ ጭሱ አየሩን ሲያሞቀው ወለዱን የሚከፍለው ዝናብ የሚጠብቀው ገበሬ ነው።

የገበሬውም ነገር እንዲሁ በጥድፊያ አይፈረድበትም። የሐረርጌ ገበሬ በቡና የታወቀ ነበር። የቡናን ዋጋ የሚደግፈው ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1989 ሲፈርስ ዋጋው ወረደ፤ በ2001 አካባቢ ደግሞ ከእነአካቴው ተንኮታኮተ። ቡና እንግዲህ ምንድን ነው? በኒውዮርክና በለንደን ቢሮ ውስጥ ያለ ደካማ ሰው ነቅቶ እንዲውል የሚጠጣው ነው። የእነሱ ንቃት ሲረክስብን ብዙ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ የጎረቤቱን ንቃት ተከለ። ጫት በዓመት ደጋግሞ ይለቀማል፣ በጥሬ ገንዘብ ይሸጣል፣ ዝናብ ቢጠፋ በመስኖ ይደርሳል። መንግሥትም ይወደዋል። በ2013 በጀት ዓመት አገሪቱ ከጫት ወጪ ንግድ ያገኘችው ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል። ገበሬው ልጁን ያስተማረበትን፣ ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰበትን ተክል እኛ አዲስ አበባ ተቀምጠን ብናወግዘው ያምርብን ይሆናል እንጂ አይገባውም።

በመስኖ ይደርሳል ብያለሁ። ውሃው ከየት መጣ?

ከአወዳይ ብዙም ሳይርቅ ሐይቅ ነበር። በእኛ ልጅነት ዓለማያ ነበር የምንለው፤ ዛሬ ሐረማያ ነው። ከድሬ ወደ ሐረር ስንወጣ ደንገጎን ጨርሰን ቀዝቃዛው አየር ሲቀበለን፣ ከመኪናው መስኮት የምንሻማው እሱን ለማየት ነበር። የሐረር ከተማ ለአሥርት ዓመታት ውሃዋን የጠጣችው ከዚያ ነው። ከተሞቹ አደጉ፣ የውሃ መሳቢያ ሞተሩ በዛ፣ ጫቱም አትክልቱም ጠጣ፣ ከተራቆተው ተራራ የሚወርደው ደለል ከታች ሞላው። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ዓ.ም. ሐይቁ ደረቀ። ከብት ይግጥበት ጀመር።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ሐይቁ ሲደርቅ ሰዉ ወለሉን ቆፈረ። ጉድጓድ አውጥቶ ከሥር የቀረውን ውሃ በሞተር ሳበው። ኩራዙን አስታወሳችሁት? ጋዙ አለቀ፣ ክሩ ተያዘ። ጫቱም ለጊዜው እንደ ድሮው ለምለም ነበር። ከሩቅ ያየው ሰው «ምነኛ ለመለመ!» ይል ነበር።

ሐይቁን ያደረቀው ጫት ብቻ አይደለም፤ ቧንቧውም፣ ደለሉም፣ የሁላችንም ቸልተኝነት አለበት። ቢሆንም የዘመኑን አቆጣጠር ሳስተያይ ዝም ማለት አልችልም። ሐይቁ በተሟጠጠባቸው በእነዚያው ዓመታት እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ የአወዳይ እቅም ነበር። የዚያን ልጅ ወረቀት ያረምኩት በዓለማያ ውሃ ነው። እኔ የሌለኝን ጉልበት ከነገ ተበደርኩ፤ ቅጠሉ የሌለውን ውሃ ከነገ ተበደረ። ሁለታችንም የፈረምነው አንድ ወረቀት ላይ ነበር። የተገኘው ትርፍ ደግሞ «የአንቀጽ አከፋፈልህን አስተካክል» ሆነ።

አባቶቻችን «ብድር በምድር» ይላሉ። የሠራኸው ሥራ ዋጋውን ሰማይ ቤት ሳትደርስ እዚሁ ታገኘዋለህ ማለታቸው ነው። እኔ ደግሞ ዛሬ ዛሬ ቃል በቃል እየወሰድኩት ተቸግሬያለሁ። አበዳሪዋ ምድር ራሷ ናት። ችግሩ ዕዳውን የምትቀበለው ከተበዳሪው አለመሆኑ ነው።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ለእሁድ አጥቢያ ሌሊት፣ ሰው ተኝቶ ሳለ ደቻቱ መጣ። የድሬ ሰው ደቻቱን የሚያውቀው አብዛኛውን ዓመት ደርቆ፣ አሸዋው ላይ ሰው ሲመላለስበት፣ ገበያ ሲዘረጋበት ነው። በዚያ ሌሊት ግን ከላይ፣ ከደጋው የዘነበውን ሁሉ ይዞ ወረደ። ከ250 በላይ ሰው ወሰደ፤ የደረሱበት ያልታወቁም ብዙ ናቸው። ዝናቡን የላከው ፈጣሪ ነው ብንል እንኳ፣ ያን ዝናብ ይዞ ቀስ አድርጎ የሚለቅ ዛፍና አፈር ከላይ አልተረፈም ነበር። የደከመ ሰው የሰማውን መያዝ አይችልም፤ በአንዱ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል። የደከመ መሬትም የዘነበበትን መያዝ አይችልም። በዚያ ሌሊት ያለቁት የአሸዋው ዳር ድሆች ናቸው። ተራራውን እነሱ አልመነጠሩትም።

እዚህ ላይ «እንግዲያው እንረፍ፣ ምድርም ትረፍ» ብዬ ብጨርስ ደስ ባለኝ። ኦሪትም መሬት በሰባተኛው ዓመት እንድታርፍ ታዝዛለች። ሐይቁም ቢሆን ምስክር ነው። ተፋሰሱ ላይ እርከን ተሠርቶ፣ ትልልቆቹ የከተማ ሞተሮች ቆመው፣ ዝናቡም ደግ ሆኖ፣ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት ውሃው ተመልሷል። ሙቷል የተባለው አርፎ ኖሯል። በዚህ ጊዜ ብቻ አማርኛችን «አረፈ» ብሎ ትክክል ሆነ።

ነገር ግን የሐረር ሕዝብ እስከዚያ ምን ጠጣ? ውሃው የሚመጣው ከድሬ ጃራ ሆነ፤ ከታች፣ ከድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ፣ ከከርሰ ምድር ተስቦ ተራራውን በሞተር ይወጣል። ሐይቁ ያረፈው ሌላ ጉድጓድ ስለተሸከመለት ነው። እኔም መቃሙንና ሦስት ፈረቃውን የተውኩ ጊዜ ያረፍኩት ባለቤቴ ሱቅ ከፍታ ቤቱን ስለተሸከመች ነው። እሷ ያኔ ስንት ሰዓት እንደምትተኛ የጠየቅኋት ከዓመት በኋላ ነው፤ ይህንንም ዛሬ በጋዜጣ ላይ ስናገረው አፍራለሁ። ባዶ እረፍት የለም። አንዱ ሲያርፍ ሸክሙ የት እንደሄደ ካልተጠየቀ፣ እረፍቱ ራሱ በሌላ ስም የተጻፈ ብድር ነው። ስለ ድካም የሚመክሩን ሰዎች «ራስህን ጠብቅ፣ ሻይ ጠጣ፣ በጊዜ ተኛ» ይሉናል። ምክሩ ክፉ አይደለም። ግን ሌሊቱን ጫቱን የሚጠብቀውን ሽማግሌ በጊዜ ተኛ ብንለው፣ ሲነጋ ጫቱን ማን ይመልስለታል?

ወደ እሳቸው ልመለስና ላብቃ። ጥላው ሥር ተቀምጠን ስለ ድንጋዮቹ ይነግሩኝ ጀመር። «እነዚያ ሰዎች ጉድ ነበሩ። አንዱ ብቻውን ያን ድንጋይ ያነሳል። ድካም አያውቁም» አሉኝ።

እኔ ደግሞ መምህርነቴ አለቀቀኝምና ያነበብኩትን ነገርኳቸው። ተመራማሪዎቹ ከመቃብሩ ያገኙትን አጽም አይተዋል፤ ቁመታቸው እንደማንኛችንም ነው፣ ግዙፍ አይደሉም አልኳቸው። የሚከፋቸው መስሎኝ ነበር። ትንሽ አሰቡ።

«እንደኛ ናቸው?»

«እንደኛው።»

«እንደኛ ከሆኑማ ይደክማቸው ነበር ማለት ነዋ!» አሉ።

«ይደክማቸዋል እንጂ» አልኩ።

«ታዲያ ያን ድንጋይ እንዴት አነሱት?»

መልሱን እኔም እሳቸውም እናውቀዋለን። ብዙ ሆነው ነው፤ አንዱ ሲያርፍ ሌላው እየያዘ። ከወዲያ መስጊዱ በቀን አምስት ጊዜ ሥራ ያስቆማል፤ ከወዲህ ግመሉ ካልበላ አይነሳም። ግዙፍ የሚያስመስላቸው ጉልበታቸው አይደለም፤ ተራቸው ነው። እኛ ተራውን ስናጠፋው ነው ቅጠል የፈለግነው።

ሽማግሌው በእጃቸው የቀረውን ቀንበጥ ድንጋይ ላይ አኖሩ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ሥራ አለህ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ትንሽ ጋደም ልበል። ፍየል እንዳይገባብኝ ጫቱን እያየህልኝ ቆይ።»

መልሴንም አልጠበቁ። ፎጣቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው። እኔም አንድ ሰዓት ተኩል ያህል፣ አምስት መቶ ዓመት ሰው በለቀቃት ከተማ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ያስቸገረችኝን አንዲት ፍየል እየመለስኩ ጫት ጠበቅሁ። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ ተራዬ እንደሆነ የተሰማኝ ያ ነው።